አምስተኛው ግልባጭ

በቆዳና ሌጦ ኮርፖሬሽኑ የሐረር ቅርንጫፍ ኃይለመስቀልን ሠራተኛው ፊት ለፊት "ጋሼ ኃይሌ" ይለዋል፤ ዞር ሲል ደግሞ "አቶ ግልባጭ" ነው። ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ እውነቱን ለመናገር ግን ልክክ ብሎለታል። የሕግ ክፍል ኃላፊ ሆኖ በቆየባቸው ሰባት ዓመታት አንድም ደብዳቤ ለአንድ ሰው ብቻ ጽፎ አያውቅም። የበሩ ማጠፊያ ይቀየርልኝ ብሎ ለንብረት ክፍል ሲጽፍ እንኳ ከሥሩ "ግልባጭ" ይልና ለሥራ አስኪያጁ፣ ለሠራተኛ ማኅበሩና ለጥበቃ ኃላፊው ያደርሳል። ደብዳቤ አንድ ቦታ ብቻ ከሄደ ይሞታል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። አንዱ ቢሮ ቢተኛ ሌላው ይነቃል፤ አንዱ መሳቢያ ቢውጠው ሌላው ይተፋዋል። በዚህ እምነቱ ብዙ ጉዳይ አስፈጽሟልና ማንም ሊያስተወው አልሞከረም።

በ1974 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰርኩላር መጣ። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ለጭቁኑ ሕዝብ ነፃ የሙያ አገልግሎት ይስጥ፤ ዘመቻው ሦስት ወር ይቆይ፤ ውጤቱም በቁጥር ተደግፎ ይቅረብ ይላል። ሐኪም ያለው መሥሪያ ቤት ያክማል፣ መሐንዲስ ያለው ድልድይ ይሠራል፤ ቆዳ ላይ ጨው ሲነሰንስ የሚውል መሥሪያ ቤት ለጭቁኑ ምን ይስጥ? የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ሙሉጌታ ሲጨነቅ ሰነበተና የሕግ ክፍል የሚባል ነገር እንዳለ ትዝ አለው። ማደሪያ ላጡ የከተማው ሰዎች በየቅዳሜው ማመልከቻ በነፃ ይጻፍላቸው፣ ጉዳያቸውም ይከታተልላቸው ተብሎ ተወሰነ። ፈቃደኛ የሆነ ይመዝገብ ተባለ። ያኔ ፈቃደኛ ማለት ምን እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል፤ የስም ዝርዝሩ ከስብሰባው በፊት ተጽፎ አልቆ ነበር።

ኃይለመስቀል ግን ከልቡ ነው የገባበት። ይህ መዘንጋት የለበትም፤ ነገሩን የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል። ከአብዮቱ በፊት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሲሠራ፣ ማመልከቻ የሚያጽፉበት አጥተው አጥሩ ሥር የሚውሉ ባልቴቶችን በየቀኑ እያለፈ ይገባ ነበር። ያ ነገር ከሆዱ አልወጣም። አሁን አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የተማረው ትምህርት ለበግ ቆዳ ውልና ለመጋዘን ክርክር ብቻ ሲውል ይቆጨዋል። ሰርኩላሩን ያነበበ ቀን ደስ ብሎት ሁለት ጊዜ አነበበው።

ጠረጴዛው ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ፣ ከተዘጋ ሻይ ቤት በረንዳ ሥር ተዘረጋ። ከኋላው ቀይ ጨርቅ ተሰቀለ። የቢሮው ታይፒስት ጽጌሬዳ ቃሉን ለመቀበል በእጇ የምትጽፍበት ደብተር ይዛ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ ታይፑ ሰኞ ቢሮ ነው። ከአደባባዩ ማዶ በጥላቸው ሥር የተቀመጡት ራፖር ጻፊዎች ነገሩን እንጀራቸውን እንደሚቀማ ቆጥረው በጎሪጥ ያዩዋቸው ጀመር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች የመጡት ግን ማደሪያ ያጡ ሰዎች አልነበሩም። አንዱ ዋርሳውን ሊከስ፣ ሌላው የጡረታ ደብተሩን ሊያስነብብ፣ ሦስተኛው ዝም ብሎ ጥላ ፍለጋ ነው። ማደሪያ ያጣ ሰው ቀይ ጨርቅ ወደተሰቀለበት በቀላሉ አይጠጋም።

በሦስተኛው ቅዳሜ እትዬ እልፍነሽ መጡ። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ነጠላቸው በደንብ የታጠበ ሴት ናቸው፤ ስፌቱ ላይ ብቻ ዱቄት የመሰለ ነገር ገብቶ አልለቅ ብሏል። ገና ከመቀመጣቸው ጽጌሬዳ አስነጠሳት። ደገማት። እትዬ እልፍነሽ አፍረው ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ።

"በርበሬ ነው ልጄ፤ ልብሴ ውስጥ ገብቷል። እኔስ ለምጄዋለሁ።"

ኃይለመስቀል ከመጀመሪያው እንዲነግሩት ጠየቃቸው፤ ነገሩት። ባለቤታቸው ለማ አናጢ ነበር። ከሸዋ በር ውጭ በእጁ የሠራት ሁለት ክፍል ቤት ነበረቻቸው። ለማ ከሞተ በኋላ ብቻቸውን ይኖሩባት ነበር። በ1970 ዓ.ም. ኅዳር፣ የሶማሊያ ጦር መድፍ ከተማው ላይ መውደቅ ሲጀምር፣ አሰበ ተፈሪ እህታቸው ዘንድ ሄዱ። እህታቸው ታማ ስትማቅቅ አስታመው፣ ቀብረው፣ በስምንተኛው ወር ሲመለሱ ቤታቸው ውስጥ የማያውቁት ሰው ልብስ ተሰቅሎ አገኙ። ጥለው የሄዱት ቤት ተብሎ ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ከወዳጅ ቤት፣ አንድ ዓመት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ከርመዋል።

"ቤቴን መልሱልኝ አልልም" አሉ። "እሱን ተውኩት፤ እግዜር ይወቀው። እዚያው ሰፈር ሸማኔው የሞተበት አንድ ክፍል ቤት አለ። ቆርቆሮው ያፈሳል፤ ግን በር አለው። ሰኔ መጨረሻ ላይ የቀበሌው የቤት ኮሚቴ ለአንድ ሰው ይሰጠዋል አሉ። እሱን ብቻ ነው የምለምነው።"

"አሁንስ የት ነው የሚያድሩት?"

እትዬ እልፍነሽ ዙሪያቸውን አዩ።

"እሱ ባይጻፍ?"

"ለእኔ ይንገሩኝ፤ መጻፉን እናየዋለን።"

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩት። ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ ቡሽራ የሚባል እህል ነጋዴ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ በመጋዘኑ ያሳድራቸዋል። ማታ ይገባሉ፤ እሱ ከውጭ ቆልፎባቸው ይሄዳል፤ ጠዋት መጥቶ ይከፍትላቸዋል። ክፋት አይደለም፤ የገበያው ዘበኛ ቁልፍ የሌለበት በር ካየ ይጠይቃል። አልፎ አልፎ ግን ውስጥ ሆነው ጭስ የሸተታቸው ይመስላቸዋል። ያኔ ተነሥተው በሩን በእጃቸው ይዳስሱታል፤ ምንም የለም፤ ተመልሰው ይተኛሉ።

"ከውስጥ የሚዘጋ በር ነው የምፈልገው" አሉ። "ሌላ አይደለም። እኔ ስፈልግ የምዘጋው፣ እኔ ስፈልግ የምከፍተው።"

ጽጌሬዳ መጻፏን አቁማ ታያቸው ነበር። ኃይለመስቀል ይህን ጉዳይ በዋዛ እንደማይለቀው ያን ጊዜ ለራሱ ቃል ገባ፤ ችግሩም የመጣው ከዚህ ቃል ነው። ሰነፍ ሰው ቢሆን ኖሮ ሁለት መስመር ጽፎ ይሸኛቸው ነበር፤ እትዬ እልፍነሽም ምናልባት ዛሬ በር ይኖራቸው ነበር።

ያንኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ መጋዘኑን በዓይኑ ለማየት ጊደር መጋላ ወረደ። ያላየውን ነገር አይጽፍም፤ ይህም ደንቡ ነው። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ በግራ በኩል፣ ሦስተኛው መጋዘን። ቡሽራ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ሪዙን ያሳጠረ፣ ሲናገር እጁን ደረቱ ላይ የሚያደርግ ሰው ነው። መጀመሪያ የመንግሥት ሰው መስሎት ፊቱ ጠቆረ። ከየት እንደመጣ ሲሰማ ቀለል አለውና ወደ ውስጥ አስገባው። መስኮት የለም። የማሽላ ጆንያ በአንድ ወገን፣ የበርበሬ ጆንያ በሌላው ወገን እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። መሃል ላይ አንድ ሰው ጎኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ተትቶ ሰሌን ተነጥፎበታል። ራስጌው ላይ የተጠቀለለ ቡጭቅጫቂና አንዲት የስፌት ዘንቢል አለች። ኃይለመስቀል ዓይኑ ማንባት ጀመረ፤ በርበሬው ይሁን ሌላ ነገር እሱም አላወቀም።

"ወላሂ አንድ ሳንቲም ተቀብያቸው አላውቅም" አለ ቡሽራ። "ሐራም ነው። ይኼን በር ያዩታል? ለማ ነው የሠራው፣ የእሳቸው ባል። አባቴ በሕይወት ሳለ። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን ጎብጦ፣ አንድ ቀን ጮኾ አያውቅም። የዚህ በር ሠሪ ሚስት እኔ ዘንድ አማና፣ አደራ ናቸው። አላህ የሚጠይቀኝ እኔን ነው።"

ኃይለመስቀል በሩን ዳሰሰው። ወፍራም፣ የጠቆረ፣ አንድም ምስማር የማይታይበት ሥራ ነው።

"አቶ ኃይለመስቀል" አለ ቡሽራ፣ "እትዬ እልፍነሽ ቤት ካገኙ ደስታውን አልችለውም። ሙናም ባለቤቴ ሁልጊዜ በዱዓዋ ታስባቸዋለች። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ስሜ እንዳይነሣ። ዘንድሮ ነጋዴ ስሙ ሲነሣ ደግ አይደለም።"

"ስምህ አይነሣም፤ ቃሌ ነው።"

ቃሉንም ጠበቀ። ሰኞ ቢሮ ገብቶ ለጽጌሬዳ ቃል በቃል ሲያስጽፋት፣ የቡሽራ ስም አንድ ጊዜም ከአፉ አልወጣም። የዚያን ቀን አማርኛው እንዴት እንደፈሰሰለት ጽጌሬዳ ኋላም ስታወራው ይገርማታል። ቁጭ ብሎ አልነበረም፤ ከመስኮቱ እስከ በሩ እየተመላለሰ ነበር። "አመልካቿ በአሁኑ ሰዓት ጊደር መጋላ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ በስተግራ በሦስተኛው የእህል መጋዘን ውስጥ፣ መስኮትና አየር በሌለበት፣ በማሽላና በበርበሬ ጆንያ መካከል፣ ከውጭ እየተቆለፈባቸው የሚያድሩ በመሆኑ..."

ጽጌሬዳ እጇን ከታይፑ አነሣች።

"ጋሼ፣ ቦታውን እንዲህ አድርጌ ልጻፈው?"

"ስም አለበት?"

"የለበትም፤ ግን..."

"ቦታ ያልተጠቀሰበት ማመልከቻ ወሬ ነው። ኮሚቴው ሄዶ ማየት አለበት። ሲያይ ነው የሚያዝነው።"

ጻፈችው። ከዚያ ወደ ግልባጩ ደረሱ። አንደኛ፣ ለከፍተኛው ነዋሪዎች ማኅበር። ሁለተኛ፣ ለአውራጃው አስተዳደር። ሦስተኛ፣ ለኮርፖሬሽኑ ሠራተኛ ማኅበር። አራተኛ፣ ለከተማው ጤና ጥበቃ፤ አየር የሌለበት ቤት ነውና። እዚህ ላይ ኃይለመስቀል ቆም ብሎ አሰበና "አምስተኛ፣ ለእህል ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት" አለ።

"እነሱ ደግሞ ምን አገባቸው?"

"መጋዘን ተጠቅሷል። መጋዘን በተጠቀሰበት የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ማወቅ አለበት። መጋዘን ሰው ሊያድርበት አይገባም ብለው አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ቢጽፉልን ጉዳያችን ምን ያህል እንደሚጠነክር ታውቂያለሽ?"

ጽጌሬዳ ሌላ ስስ ወረቀት ከካርቦን ጋር ጨመረችበት። ዋናው፣ አምስት ግልባጭ፣ አንድ ደግሞ ለፋይል፤ ሰባት ወረቀት። ታይፑ ሰባት ወረቀት በአንድ ጊዜ አይወድም፤ በኃይል ነው የመታችው። ወደ ኋላ ያሉት ወረቀቶች ላይ ፊደሉ እየደበዘዘ ሄዶ ጥላ ብቻ ሆኗል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለእትዬ እልፍነሽ አነበበላቸው። አነባበቡ ያምርበታል፤ ከአደባባዩ ማዶ ያሉት ራፖር ጻፊዎች እንኳ ጸጥ አሉ። እትዬ እልፍነሽ የራሳቸውን ኑሮ በእንዲህ ያለ አማርኛ ሲሰሙት እንባቸው መጣ። መጋዘኑ ጋ ሲደርስ ግን ቀና አሉ።

"አነሡት?"

"ስም የለም እትዬ፤ ልብ ብለው ይስሙኝ፣ የቡሽራ ስም የትም የለም። ደግሞ ይህ የሚሄደው ለቤት ጉዳይ ኮሚቴው ነው።"

እትዬ እልፍነሽ ጥቂት አሰቡ።

"ለኮሚቴው ከሆነ ግድ የለም። እነሱ የማድርበትን ድሮም ያውቃሉ፤ ሊቀ መንበራቸው ማሽላ የሚገዛው ከቡሽራ ነው። አይተው ዝም ብለውኛል።"

አውራ ጣታቸውን በቀለሙ ነክረው "ከአክብሮት ጋር" ከሚለው ሥር አሳረፉ። ኃይለመስቀል ያነበበው እስከዚያ ድረስ ነው። ከዚያ በታች ያለውን ዝርዝር አላነበበም። ሊደብቃቸው አልነበረም፤ በጭራሽ። ግልባጭ ለእሱ የደብዳቤው አካል አይደለም፤ እንደ ቀኑና እንደ ቁጥሩ ያለ ነገር ነው። ግልባጭ የሚያነብ ሰው አይቶ አያውቅም።

ግንቦት በተስፋ አለቀ። ኃይለመስቀል ከሥራ ሲወጣ በቀበሌው በኩል ያልፋል። ሊቀ መንበሩ መጀመሪያ ሸሸው፤ ሁለተኛ ቀን "እናያለን ጓድ" አለው፤ በሦስተኛው ጸሐፊው ወደ ጥግ ወስዶ የአሮጊቷ ስም ከዝርዝሩ አናት መሆኑን ሹክ አለው። ሐረር ውስጥ ከኃይለመስቀል የበለጠ ደስተኛ ሰው በዚያ ሳምንት አልነበረም። ወሬውን ሲነግራቸው እትዬ እልፍነሽ አልሳቁም፤ ወደ ዘንቢላቸው እጃቸውን ሰደዱና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። አዲስ የብረት መቀርቀሪያ ነው።

"ብረት ቀጥቃጩ ጋ አሠራሁት። የሸማኔው በር መቀርቀሪያ የለውም፤ አይቻለሁ።"

"ገና እኮ አልተሰጠም እትዬ።"

"አውቃለሁ። ይዤው ልቆይ ብዬ ነው።"

ከሰባቱ ወረቀቶች የአንዳንዶቹ ዕጣ ይታወቃል። የከፍተኛው መሳቢያ ገባ። የአውራጃው ጠፋ። ጤና ጥበቃ ለማን እንደሰጠው ተረሳ። ጓድ ሙሉጌታ የራሱን ለሪፖርቱ አባሪ አደረገው። እንዲያ ሁሉ የደበዘዘው፣ ሰው ያነበዋል ተብሎ የማይታሰበው አምስተኛው ግልባጭ ግን በእህል ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት አንድ ትጉህ ሰው እጅ ገባ። ሰውየው ወረቀቱን መስኮት ላይ ለጥፎ፣ በብርሃን እያየ፣ ፊደል በፊደል ለቀመው። ኃይለመስቀል ዕድሜ ልኩን ሲመኘው የኖረው እንዲህ ያለ አንባቢ ነው።

ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ረፋድ ላይ ሦስት ሰዎች ጊደር መጋላ መጡ። ኃይለመስቀል የሰማው በማግስቱ ከጽጌሬዳ ነው፤ ገበያ ሄዳ አይታ። ኮቱን ሳይለብስ ወጣ። መጋዘኑ በር ላይ ገመድ ተወጥሮ በቀይ ላክ ታሽጓል። ከደፉ ላይ የቡሽራ ሚስት ሙና ተቀምጣለች፤ አላለቀሰችም። ቡሽራን ወስደውታል። ከፈቃዱ በላይ እህል አከማችቷል፤ በዚያ ላይ መጋዘኑን በስውር ለመኖሪያ አከራይቷል።

"ወረቀት ይዘው ነበር" አለች ሙና። "አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይቆጥራል። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ በግራ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስም አልጠሩም። በሩን ሲደርሱበት ቆሙ።"

ኃይለመስቀል ዙሪያውን በዓይኑ ፈለገ።

"እትዬ እልፍነሽስ?"

"ዕቃዋ ውስጥ ታሽጎባታል፤ ዘንቢሏን ብቻ ነው ይዛ የወጣችው። ጎረቤቱ ሁሉ ያ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰው ነው ያስበላችሁ ሲል፣ እሷ ምን እንዳለች ያውቃሉ? እሱ ለኮሚቴው ብቻ ነው የጻፈው፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብላ በመድኃኔዓለም ማለችልዎ። እኔም አመንኳት። እሷ በሐሰት አትምልም።"

ኃይለመስቀል ቀና ብሎ የለማን በር አየው። ላኩ ገና አልደረቀም መሰለው። ወደ ቢሮው ሲመለስ የሄደበትን መንገድ አያስታውስም።

እጁን አጣጥፎ ግን አልተቀመጠም። እህል ቁጥጥር ሄደ። በጣም አከበሩት፤ ወንበር ሳቡለት። መኖሪያ አልተከራየም፣ ምጽዋት ነው፣ ሴትዮዋ ሳንቲም አልከፈሉም ብሎ ሲያስረዳ ትጉሁ ሰውዬ በትዕግሥት ሰማውና የራሱን የኃይለመስቀልን ጽሑፍ አወጣለት። "ከውጭ እየተቆለፈባቸው የሚለው የእርስዎ ቃል ነው ጓድ። በማሽላና በበርበሬ ጆንያ መካከል የሚለውም የእርስዎ ነው። እኛ ያላሉትን አልጨመርንበትም።" እውነቱን ነው። በሳምንቱ ደብዳቤ ላኩለት፤ ስለ ንቁ ጥቆማው ምስጋና፣ ግልባጭ ለኮርፖሬሽኑ። ጓድ ሙሉጌታ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ አነበበውና ተጨበጨበ። ኃይለመስቀል ተነሥቶ ይህ ስሕተት ነው ሊል አሰበ፤ ግን አብሮ አጨበጨበ። ያን ማጨብጨቡን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

የቀረው ቀበሌው ነበር። ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን የሸማኔው ቤት ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሊቀ መንበሩ በዚህ ጊዜ አልሸሸም፤ እንዲያውም ያዘነ ይመስል ነበር።

"ጓድ ኃይለመስቀል፣ እኛ እኮ እናውቅ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እናውቅ ነበር። ልንሰጣት ወስነን ነበር። አሁን ስሟ ምርመራ ላይ ባለ ጉዳይ ውስጥ አለ፤ አውራጃ የሚያየው ወረቀት ላይ። እንዴት አድርጌ ልፈርም? ምነው ለእኛ ብቻ ብትጽፍልን?"

ክረምቱ ገባ። ቡሽራን ወደ ድሬዳዋ አዛውረውታል ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። ኃይለመስቀል መጋዘኑ ተከፍቶ የእትዬ እልፍነሽ ቡጭቅጫቂ ብቻ እንዲወጣ ለማስፈቀድ አንድ ደብዳቤ ማስጻፍ ጀመረ። ከሥሩ እንደ ልማዱ "ግልባጭ" ብሎ ሁለት ነጥብ ካስመታ በኋላ ጽጌሬዳ ቀና ብላ አየችው። ወረቀቱን ከታይፑ ስቦ አወጣውና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ሌላ አላስጻፈም።

እትዬ እልፍነሽን ያገኛቸው ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ በቀን፣ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ነው። ካፊያ ነበር። ነጠላቸው እንደ ወትሮው አልታጠበም። ዘንቢላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ የመቀርቀሪያው ጫፍ ከጨርቁ ወጥቶ ዝናብ ነክቶት ዝጓል። ሲያዩት ሊነሡ ሞከሩ፤ ይህ ከሁሉ በላይ አመመው።

"ይቀመጡ እትዬ። ይቀመጡ።"

"ደኅና ነዎት? ያቺ ልጅስ ደኅና ናት?"

"ደኅና ነን።"

እትዬ እልፍነሽ ቀጠሉ።

"ያንን ጽሑፍ ለስንት ቦታ ነው የላኩት?"

"ለ... ዋናው ለኮሚቴው። ሌላ አምስት ቦታ ደግሞ ግልባጭ። አንድ ለፋይል።"

እትዬ እልፍነሽ በጣታቸው ቆጠሩ።

"ሰባት። ለእኔስ?"

ኃይለመስቀል አልገባውም።

"የእኔ ጽሑፍ አይደለም? አውራ ጣቴ ያለበት። ለእኔ አንድ አላስቀሩልኝም?"

አላስቀረላቸውም። በሰባት ዓመት አገልግሎቱ ለባለጉዳዩ ግልባጭ ማድረግ አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሎት አያውቅም። የፋይሉን ወረቀት ከሳምንታት ጀምሮ ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞት ነበር የሚዞረው፤ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ። አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ዘረጉት፤ ማንበብ አይችሉም፤ ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው ወረዱበትና ጣታቸውን "ከአክብሮት ጋር" ከሚለው በታች ያለው ላይ አሳረፉ።

"ያን ዕለት ይኼን አላነበቡልኝም። እዚህ ጋ ነው ያቆሙት። አሁን ያንብቡልኝ።"

"እትዬ፣ አሁን ምን ያደርግልዎታል?"

"ያንብቡልኝ።"

አነበበ። ያ የሚያምረው አነባበቡ የት እንደገባ አላወቀም። አንደኛ፣ ለከፍተኛው ነዋሪዎች ማኅበር። ሁለተኛ፣ ለአውራጃው አስተዳደር። ሦስተኛ፣ ለኮርፖሬሽኑ ሠራተኛ ማኅበር። አራተኛ፣ ለከተማው ጤና ጥበቃ። ፊደሉ ደብዝዟል፤ ግን እሱ ፊደሉን አያየውም፤ በቃሉ ነው የሚያውቀው። አምስተኛው ላይ ቆመ። እትዬ እልፍነሽ ጠበቁት። እስኪጨርስ ድረስ ዓይናቸውን ከፊቱ አላነሡም። "ለእህል ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት" አለ በመጨረሻ።

ራሳቸውን ብዙ ጊዜ ነቀነቁ።

"በመድኃኔዓለም ማልኩልዎ" አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። "ያኔ ቢያነቡልኝ ኖሮ፣ ተው፣ እነዚህ ቡሽራን ካምና ጀምረው እያደኑት ነው እልዎ ነበር። ማንበብ ባልችልም እነሱን አውቃቸዋለሁ። ገበያ ውስጥ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ።"

"እትዬ እልፍነሽ፣ እኔ..."

"ክፋት እንዳልነበረው አውቃለሁ። አይድከሙ።"

ወረቀቱን አጥፈው ዘንቢላቸው ውስጥ፣ ከመቀርቀሪያው ጎን አስገቡት። ዝናቡ እየበረታ ሄደ። ኃይለመስቀል ሊሰጣቸው የሚችለውን ነገር ሁሉ በልቡ ፈለገ። ቤቴ ልውሰዳቸው ይሆን አለ፤ ግን የሚኖረው በአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ከአምስት ነፍስ ጋር ነው፤ ያላስመዘገቡትን ሰው ማሳደር ደግሞ ምን እንደሚያመጣ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ቢያንስ የሚልክላቸው ብርድ ልብስ አለ። የት ብሎ ይላክ?

"አሁን የት ነው የሚያድሩት?" ብሎ ጠየቀ።

እትዬ እልፍነሽ አዩት። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ እሱም ሰማው። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ፤ ዘንቢላቸውን ከነጠላቸው ሥር ሸሸጉ፤ በአክብሮት ጎንበስ አሉለት።

"እርስዎ ይቅደሙ" አሉ። "ዝናብ መታዎት።"

"አይ፣ እርስዎ ይሂዱ እንጂ፣ እኔ..."

"ይቅደሙ፤ ይሂዱ።"

ሄደ። ወደ ፈረስ መጋላ የሚወስደው መታጠፊያ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ አየ። እትዬ እልፍነሽ ከነበሩበት ንቅንቅ አላሉም። ዝናቡ ውስጥ ቆመው፣ በየትኛው በኩል እንደሚሄዱ እንዳያይ፣ እሱ ከዓይናቸው እስኪሰወር ይጠብቁ ነበር።